በሁለት ሂላ መሐል የተሰቀለው ተውሳከ ግስ

ክፉ ቃል አጥንት ይሰብራል ይባላል። አጥንት ሲሰብር አላየሁም፤ ሰሊጥ ሲያፈስ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ቃሉም ክፉ አልነበረም። እንዲያውም እጅግ ደስተኛ ቃል ነበር። አገሩ እንግሊዝ፣ ሥራው ተውሳከ ግስ፣ ትርጉሙም «በጋለ ስሜት» ነው። በዚህ ቃል የተነሳ አንድ ሰው ወህኒ ሊወርድ ለጥቂት መትረፉን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ። ይሳቁ። በዚያ ቀን የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

ዘመኑ ደርግ ነው። መተማ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል ሰሊጥ የሚታጨድበትን ጊዜ አይጨምርም። ያን ጊዜ ተማሪው ወደ አባቱ ማሳ፣ አባት የሌለውም ወደ ሰው ማሳ ይጠፋና ክፍል ውስጥ የምንቀረው እኔና ጠመኔው ነን። ስለዚህ ትምህርት የሚባለውን ነገር መስከረም ላይ ማጣደፍ ነበረብኝ። ያጣደፍኩት ደግሞ ተገብሮን ነው፤ አድራጊው ተሸሽጎ ተደራጊው ብቻ ፊት የሚወጣበትን የዓረፍተ ነገር ዓይነት።

ተማሪዎቼ እንግሊዝኛን ባይወዱትም ተገብሮን ወዲያው ገባቸው። አይፈረድባቸውም፤ የሚኖሩት በተገብሮ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ነገር ይደረግ ነበር፤ አድራጊ ግን አልነበረም። ስብሰባ ይጠራል፣ ቤት ይወረሳል፣ ሰው ይወሰዳል። የጠራው፣ የወረሰው፣ የወሰደው አይነገርም፤ ጠያቂም የለም። እንግሊዞች ይህን ነገር ሰዋስው ብለው በመጽሐፍ ያስተምሩታል፤ እኛ እየኖርነው መጽሐፍ መግዛት ለምን እንዳስፈለገን እስካሁን አይገባኝም።

ያስቸገራቸው የተውሳከ ግሱ መቀመጫ ነበር። እኔም በመጽሐፉ ቋንቋ አስረድቼ ሲያቅተኝ ወደ ጭነት መኪና ዞርኩ። «ከአብደራፊ ሰሊጥ ጭኖ የሚመጣ መኪና አስቡ» አልኳቸው። «ዋናው ግስ ጭነቱ ነው። ከፊቱ የሚቀመጡት ረዳት ግሶች ናቸው፤ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት። ተውሳከ ግስ ደግሞ ተሳፋሪ ነው። ከፊት ሆኖ እየሮጠ ቢመራም፣ ከኋላ በገመድ ቢንጠለጠልም መኪናው ይሄዳል። የክብር ቦታው ግን መሐል ነው። ረዳቱ አንድ ከሆነ በረዳቱና በጭነቱ መሐል ይግባ። ረዳቶቹ ሁለት ከሆኑ ተሳፋሪውን ጠይቁት። ‹መቼ› ወይም ‹ምን ያህል ጊዜ› የሚል ከሆነ ከመጀመሪያው ረዳት ጎን ይቀመጥ። ‹እንዴት› የሚል ከሆነ ግን ሁለቱንም አልፎ ጭነቱን ተደግፎ ይቀመጥ፤ የጭነቱን አያያዝ የሚያውቀው እሱ ነው።»

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ መኪናው ቢገለበጥስ?»

«ተውሳከ ግሱ ምንም አይሆንም» አልኳት፤ «የሚፈሰው ጭነቱ ነው።» ክፍሉ ሳቀ። እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። ትንቢት ሲናገር የሚስቅ ሰው እንደኔ አላየሁም።

ጥቅምት ገባና የዘመቻ ትእዛዝ መጣ። መምህራን በሙሉ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የመንግሥት እርሻ ወርደን አጨዳ እንድናግዝ ተባለ። «ተባለ» ነው፤ ማን እንዳለ አትጠይቁኝ።

እርሻው ላይ የቅስቀሳ ሥራ የሚመራው ጓድ ታረቀ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ ከክፉ ይልቅ ያስፈራል። አንድ የውጭ አገር የእርሻ አማካሪ ሊጎበኝ እንደሚመጣ ከተነገረው ጀምሮ እንቅልፍ አጥቷል። መተማ ነጭን ሁሉ በሱዳኖች አፍ ኸዋጃ ነው የሚለው። ጓድ ታረቀም ኸዋጃ ሁሉ እንግሊዝኛ ያውቃል ብሎ ስላመነ፣ ጎንደር ድረስ ልኮ በቀይ ጨርቅ ላይ በቢጫ ቀለም የእንግሊዝኛ መፈክር አስጽፎ ነበር። ጨርቁ በደረሰ ዕለት አስጠራኝና ዘረጋው።

በእኛ ፊደል ላስፍረው፦ «ሴሳሚ ሃዝ ቢን ሃርቨስትድ ባይ ዘ ብሮድ ማስስ» ይላል። ሰሊጥ በሰፊው ሕዝብ ታጭዷል ማለት ነው። ሰፊው ሕዝብ ገና ግማሹን እንኳ አላጨደም፤ ይሁን።

«ደህና ነው» አልኩት።

«ስሜቱስ?» አለኝ ጓድ ታረቀ። «‹በጋለ ስሜት› ብዬ ነበር የላክሁት። ስሜቱ የታለ?»

ጨርቁን ገለበጥነው፤ በጀርባውም ስሜት የለም። የጎንደሩ ሰዓሊ ቦታ አጥቶ ይሁን ስሜት አጥቶ፣ ቃሉን ዘሎታል።

«ግድ የለም» አለ ጓድ ታረቀ፤ «በሌላ ጨርቅ ይጻፍና ከፊት ይቀጠል። ስሜት ከሥራ ይቀድማል።»

እዚህ ላይ አዎ ብል ኖሮ ይህን ወግ አታነቡም ነበር። ከፊት ቢቀጠል ስህተት አልነበረም፤ አውቃለሁ። ከኋላ ቢቀጠልም ያስኬዳል። ነገር ግን እኔ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲሄድ በግራ በኩል የረሳሁት ነገር ያለ የሚመስለኝ ሰው ነኝ። ያነበብኩት መጽሐፍ ብዛት ደግሞ ትሕትና አልጨመረልኝም፤ መልስ ነው የጨመረልኝ።

«ጓድ፣ ቦታው እዚያ አይደለም» አልኩት። «ረዳቶቹ ሁለት ናቸው፦ ‹ሃዝ› እና ‹ቢን›። ይህ ቃል ‹እንዴት› የሚል ስለሆነ ከ‹ቢን› በኋላ፣ ከ‹ሃርቨስትድ› በፊት መግባት አለበት።»

«ዓረፍተ ነገሩ የማን ነው? የሕዝብ ነው ወይስ የእንግሊዝ?»

«ጓድ፣ ከፊት ከሆነ ስሜቱ ከሥራው የተነጠለ ይመስላል። መሐል ሲገባ ግን ከሥራው ጋር ተዋሕዷል።»

ጓድ ታረቀ አገጩን ያዘ። «ተዋሕዷል…» አለ ቀስ ብሎ። «ይህ ይሻላል። ይግባ።»

በሕይወቴ ያሸነፍኩት ክርክር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ይህኛውን ባላሸነፍኩት እመርጥ ነበር።

ጨርቁን ይዤ መተማ ገበያ ወደ ሐጂ ኢድሪስ ሄድኩ። ሐጂ ኢድሪስ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ጀለቢያና ድንኳን የሚሰፉ፣ ከመነጽራቸው በላይ ሰውን የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያ ኡስታዝ፣ ይህ ደህና ጨርቅ መሐሉ ይቀደድና ሌላ ጨርቅ ይሰፋበት ነው የምትለኝ?»

«አዎ ሐጂ።»

«ምነው ጫፉ ላይ ብቀጥለው? ምሳ ሳይደርስ ይዘኸው ትሄዳለህ።»

«ቦታው መሐል ነው ሐጂ።»

«የጨርቁ ቦታ?»

«የቃሉ።»

ሐጂ ኢድሪስ በቋንቋ ጉዳይ የማይከራከሩ ሰው ናቸው፤ የሚያውቁት ብዙ ስለሆነ። ቃሉን ጽፌ ያመጣሁበትን ጨርቅ ስዘረጋው ግን ዝም ማለት አልቻሉም። «ኢንቱዚያስቲካሊ» አጭር ቃል አይደለም። ከዚህ እስከዚያ ተዘረጋ፤ የጎረቤቱ በርበሬ ሻጭ መደብ ላይ ደረሰ።

«ወላሂ፣ ይህ ቃል አይደለም» አሉ፤ «ድንኳን ነው።»

«እንዳይገነጠል በጠንካራ ክር ይስፉልኝ።»

«በድንኳን ክር ነዋ። ሰማይ ቢቀደድ ይህ አይቀደድም።»

እውነታቸውን ነበር። ጥበበኛ ሰው ሥራውን ማበላሸት ባለበት ሰዓት የማበላሸት ችሎታ ቢኖረው ምን ነበረበት።

አሁን ወደ ማሳው ልመለስ። ሰሊጥን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ሰሊጥ የሚታጨደው ሳይደርቅ ነው። ታጭዶ በትንሽ በትንሹ ይታሰርና እስሩ ሁሉ አናቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ተጠጋግቶና ተደጋግፎ ይቆማል። ይህን ክምር ሂላ ይሉታል፤ እንግዳ ሰው ከሩቅ ሲያየው ምሥጢር የሚያወሩ ሽማግሎች ይመስለዋል። እዚያው ቆሞ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ቅርፊቱ አፉን ወደ ሰማይ ይከፍታል። ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ ፍሬው ውስጡ አለ። ቀኑ ሲደርስ ሸራ ይነጠፍና እያንዳንዱ እስር እንደ ሕፃን ታቅፎ ይመጣል፤ ሸራው ላይ ሲገለበጥ ፍሬው ይዘረገፋል። ከዚያ በፊት ያጋደለው ሰው ግን ያመቱን ልፋት ለመሬት ሰጠ። መሬቱም ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲያቆም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የገባበትን አይመልስም።

መንገድ ዳር ያሉት ሂላዎች ደርቀው አፋቸውን ከፍተዋል። መራገፍ ነበረባቸው። ጓድ ታረቀ ግን «እንግዳው ቆመው ይያቸው» ብሎ አቆያቸው።

የኸዋጃው መምጫ ቀን ደረሰና መፈክሩ ይሰቀል ተባለ። ዙሪያውን አየን። ትራክተር እንዲመቸው ብለን ዛፉን ሁሉ አስወግደነዋል። እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ ሜዳ ነው። እንጨት የለም፣ ምሰሶ የለም። ትራክተሮቹ ወዲያ ማዶ ሥራ ላይ ናቸው። በዚያ ሁሉ አገር ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሰሊጥና እኛ ብቻ ነን።

«ሂላው ላይ እሰሩት» አለ ጓድ ታረቀ።

ገመዱን የያዘው አያልነህ የሚባል ጎጃሜ ነበር። ከአንድ ደብር ሰዎች ጋር ለአጨዳ የወረደ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነው። ሚስቱን ወሯ በገባ ጊዜ ጥሏት መጥቶ፣ ከኋላ የወረዱ የአገሩ ሰዎች ሴት ልጅ መወለዷን ነግረውታል። ከዚያ ወዲህ ከእሱ የሚሰማው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ክርስትናዋ ሳያልፍ መድረስ አለብኝ።» ማጭድ ሲስል ይላታል፤ ውሃ ሲጠጣ ይላታል። ጓደኞቹ «የክርስትና አባት» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

አያልነህ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። «ጌታው፣ ሂላ ላይ ነው የምናስረው?»

«አዎ።»

«ሂላ እኮ ግንድ አይደለም።»

«ቆሞ የለም ወይ?»

«ቆሟል።»

«እንግዲያ እሰር።»

አያልነህ አሰረ። በአንዱ ሂላ ወገብ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ በቆመው በሌላው ሂላ ወገብ። ቋጠሮውም አህያ ሲጫን የሚቋጠረው፣ በተሳበ ቁጥር የሚጠብቀው ነበር። በዚህ ጊዜ እኔ የት ነበርኩ? እኔማ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ተውሳከ ግሱን እያየሁ ነበር። መሐሉ ረግቦ «ኢንቱዚያስቲካሊ» እንደ ሰካራም ጎብጧል።

«ወጥሩት!» ብዬ ጮህኩ።

ወጠረው።

«አሁንም ትንሽ!»

ወጠረው። ቃሉ ቀና አለ። ሁለት ረዳቶቹን አልፎ፣ ጭነቱን ተደግፎ፣ በትክክለኛ ቦታው ተቀመጠ። እንዲያ ያለ በትክክል የተቀመጠ ተውሳከ ግስ ከዚያ በፊት በእንግሊዝ አገርም የተሰቀለ አይመስለኝም።

ነፋሱ የመጣው ከድንበር ማዶ ነው። መጀመሪያ ገለባውን አነሳ፤ ከዚያ የጓድ ታረቀን ባርኔጣ። ከዚያ በጨርቁ ሥር ገባና ጨርቁ እንደ ደረሰች ነፍሰ ጡር ሆዱን ነፋ። ተራ ጨርቅ ቢሆን ይቀደዳል። ቃሉ ጫፍ ላይ ተቀጥሎ ቢሆን ቃሉ ብቻ ተገንጥሎ ሱዳን በገባ፣ እኛም በተገላገልን። የሐጂ ኢድሪስ ክር ግን አልተቀደደም። የአያልነህም ቋጠሮ አልተፈታም። ያልጸናው ሰሊጡ ነው።

ሁለቱ ሂላዎች ተጎነበሱ። እጅ የሚነሱ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወደቁ።

ድምፁ ገና በጆሮዬ አለ። የዝናብ ድምፅ ነው፤ ሰማይ ሳይኖረው የሚዘንብ ዝናብ። ነጭ ፍሬው በጥቁሩ ዋልካ ላይ ተዘረገፈና ዓይናችን እያየ በየስንጥቁ እየተንሸራተተ ገባ። ከአጫጆቹ አንዱ «ኧረ በሥላሴ!» አለ። ጓድ ታረቀና እኔ ሮጠን አንዱን እስር ለማቃናት ያዝን። ለማቃናት የያዝነው በእግሩ በኩል ነበር፤ የቀረውንም እኛ አፈሰስነው።

ጓድ ታረቀ ቀና ሲል ፊቱ የሰው ፊት አልነበረም። እንግዳው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። የመንግሥት ሰሊጥ መሬት ውስጥ ነው። የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ እሱ መሆን የለበትም። ዙሪያውን አየና ዓይኑ ገመዱ ላይ፣ ከገመዱም ወደ አያልነህ እጅ ሄደ።

«ይህ አሻጥር ነው» አለ።

ያንን ቃል በዚያ ዘመን የሰማ ሰው አሁንም ጀርባው ይቀዘቅዛል። ጠመንጃ የያዘ የእርሻው ጥበቃ ሳይታዘዝ መጥቶ አያልነህ ጎን ቆመ። አያልነህ ሁለት እጁን አየ፤ ገመዱ ያሳረፈበትን ምልክት። ከዚያ እኔን አየኝ።

ወዲያው ከማዶ በደረሰ የትራክተር ተጎታች ጥላ ሥር ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ታረቀ ለእርሻው ጸሐፊ ቃል በቃል ማስጻፍ ጀመረ። «የመንግሥት ሰሊጥ ሆን ተብሎ ፈሷል።»

ተነሳሁ። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ እግሬ ነው የተነሳው። «ጓድ፣ ሆን ያለው ማን ነው?»

«ሆን ተብሎ ነው ያልኩት።»

«ሆን ያለ ሰው ከሌለ ሆን አይባልም። ‹ፈሷል› ትክክል ነው፤ ሁላችንም አይተናል። ‹ሆን ተብሎ› ግን እዚያ ምን ይሠራል?»

«አንተ ራስህ አይደለህም ወይ ስሜት ከሥራው ጋር ይዋሐድ ያልከኝ? ይኸው ዓላማውን ከድርጊቱ ጋር አዋሐድኩት።»

እንዲህ ነው ያስተማርከው ነገር ዞሮ የሚያገኝህ። «ጓድ» አልኩ፤ «ወጥሩ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ብያለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሻጥር ከተባለ የኔ ነው።»

ጓድ ታረቀ በሀዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «አንተ ምሁር ነህ። ምሁር ይሳሳታል። አሻጥር የሚሠራው እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስድብ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚያ የዘለቀኝ የለም። ለወንጀል እንኳ አልበቃሁም። እንደገና አፌን ከፈትኩ። ስለ ተገብሮ፣ ስለ አድራጊ፣ ስለ ፍትሕ፣ አንዱን ከአንዱ እያምታታሁ ተናገርኩ። ስለ ጭነት መኪናውም ሳልናገር አልቀረሁም። ጸሐፊው አዛጋ። ጥበቃው ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። አያልነህ ግን አንዲት ነገር ብቻ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ክርስትናዋ ሊያልፍ ነው» አለ።

በዚህ መሐል ከኋላዬ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ማጭድ መሬት ላይ ሲያርፍ ነው። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

የአያልነህ ጓዶች መጥተዋል። ፊት የቆሙት ጋሽ ውባንተ፣ የቡድኑ አለቃ፣ ሽበታቸው አቧራ የለበሰ ሰው ናቸው። እነዚህ የአንድ ደብር ሰዎች ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት በታቦቱ ደጅ ይማማላሉ፦ አብሮ የወረደ አብሮ ይወጣል። ወባ የጣለውን ተሸክመው ይመልሱታል። የሞተውን ቀብረው ማጭዱን ለእናቱ ያደርሳሉ። በረሃ ላይ ብቻውን የሚቀር የለም። ሕግ አይደለም፤ ከሕግ ግን ይጠብቃል። ማጭዱን ባንድ ላይ ከምሮ ዝም ማለትም ትርጉሙ አንድ ነው፦ ጉዞ ነን።

«ምንድን ነው ይህ?» አለ ጓድ ታረቀ።

«ምንም አይደለ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ውባንተ። «ልጁን የሚወስዱት በየት በኩል ነው? መንገዱን ይንገሩን ብለን ነው።»

«እናንተ ምን አገባችሁ? እናንተ አልተከሰሳችሁም።»

«እሱስ አልተከሰስንም። አብረን ነው የወረድን።»

«ወደ ሥራችሁ ተመለሱ ነው የምለው!»

«ልጁ ከተመለሰ እንመለሳለን።»

«ያልታጨደው ሰሊጥስ?»

ጋሽ ውባንተ ወደ ማሳው ዞረው አዩ። ቢጫው ሰሊጥ እስከ ሰማይ ጠርዝ ተዘርግቷል። «ሰሊጡማ» አሉ በለሆሳስ፣ የታመመ ዘመድ ስም እንደሚጠራ ሰው፣ «ሰሊጡማ ማንንም አይጠብቅ። ይፈነዳል።»

በዝምታው ውስጥ ማሳው ተሰማ። ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ፀሐይ የመታው ቅርፊት አንድ በአንድ አፉን ሲከፍት ነው። ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ እኔ እናገር ስለነበረ። ጓድ ታረቀም ሰማው። ሁለት ሂላ ሲፈስ ሰው አሳስሮ መዳን ይቻላል። ማሳው ሁሉ ሲፈስ ግን የሚታሰረው ራሱ ነው። ባርኔጣ በሌለው ራሱ ላይ ላብ ወረደ።

«ሰርዝ» አለው ጸሐፊውን።

«ምኑን ጓድ?»

«‹ሆን ተብሎ› የሚለውን ሰርዝ። ‹ሰሊጡ ፈሷል›። አይ፣ ‹በነፋስ ፈሷል›።» ትንሽ አሰበ። «ነፋሱ ከድንበር ማዶ የመጣ መሆኑም ይጻፍ።»

ጥበቃው ፈቀቅ አለ። ጋሽ ውባንተ ጎንበስ ብለው ከክምሩ አንድ ማጭድ መርጠው ለአያልነህ ሰጡት። «ያዝ የክርስትና አባት» አሉት፤ «ቀኑ መሽቷል።» ገና አምስት ሰዓት ነበር። አያልነህ ማጭዱን ተቀበለና እንደ ቆመ ቀረ፤ ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ማሳው ገባ።

እኔ ለጥቂት ጊዜ ክርክሬ ያሸነፈ መስሎኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እንድትስቁ ነው።

ኸዋጃው ከሰዓት በኋላ መጣ። መፈክሩ ከማዶ በመጣ ትራክተር ላይ ታስሯል፤ ተውሳከ ግሱ አሁንም በቦታው ነው። ሰውዬው ቀይ፣ ደከም ያለና ትሑት ነበር። ጨርቁን አየና ወደ አስተርጓሚው ዞሮ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀ። እንግሊዝኛ አያነብም ነበር።

«ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ምን ይላል አለኝ» አለ አስተርጓሚው።

«አንተስ ምን አልከው?»

«እንኳን ደህና መጣህ ይላል አልኩት።»

ኸዋጃው ፈገግ ብሎ ለጨርቁ እጅ ነሳ። ከሰሊጡ ጥቂት ዘግኖ ቃመና ወደ ገለጉ ጉዞውን ቀጠለ።

አጨዳው አልቆ ትምህርት ሊከፈት ሲል ሐጂ ኢድሪስ ጨርቁን ፈቱት። ቀይ ጨርቅ ውድ ነው፤ ዳርና ዳሩ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። መሐሉን ግን አጥፈው ሰጡኝ። «ያ ኡስታዝ፣ ድንኳንህን ውሰድ።» እቤት አስቀምጬው ምን እንደማደርገው ሳላውቅ፣ የጎጃሞቹ መኪና ሊነሳ መሆኑን ሰማሁና ይዤው ወጣሁ። ስሰናበት ባዶ እጄን መሄድ አልሆነልኝም።

ሰዎቹ ጭነቱ ላይ ወጥተዋል። አያልነህ ከላይ ጎንበስ ብሎ ተቀበለኝና ጨርቁን ዘረጋው፤ በሁለት እጁ ሳብ ሳብ አድርጎ ስፌቱን ፈተነ። አልተነቃነቀም።

«ጽኑ ነው» አለ። «ለልጅቱ ማዘያ ይሆናል። እግዜር ይስጥልኝ መምህር።»

«ለክርስትናዋ ትደርሳለህ?»

«እደርሳለሁ።» ቢጫዎቹን ፊደሎች በጣቱ ዳሰሳቸው። «ይቺ ጽሑፍ ምን ትላለች?»

«በጋለ ስሜት ትላለች።»

«የማን?»

ሞተሩ ተነሳ። ይህን ጥያቄ ያን ያህል ዘመን ሳስተምር ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

«አይልም» አልኩት።

አያልነህ ጨርቁን በጥንቃቄ አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተው።

«እንግዲያ የሷ ይሁን» አለ።